ማርኮስ ሴና፦ የ2008ቱን ስፔን ስናወራ ለምንድነው ሁሌ የምንዘለው?

ቁጥር_19፦
ሰላም ቤተሰብ። ሰሞኑን አንድ ፔጅ ላይ የስፔን ወርቃማ ትውልድ ምርጥ 11 ብለው ለጥፈው አየሁ፣ ካሲያስ፣ ራሞስ፣ ፑዮል፣ ዣቪ፣ ኢንዬስታ፣ ቡስኬትስ እያለ ይሄዳል። ገባሁና "ሴናስ?" ብዬ ጻፍኩ። አንዱ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፣ "የፎርሙላ ዋኑ ሹፌር?" ሳቄም መጣ ንዴቴም መጣ።

ለማታውቁት ልጆች ባጭሩ፣ ሰውየው ሳኦ ፓውሎ ነው የተወለደው፣ በ1976 (ሁሉንም ዓመት በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ኮሪንቲያንስ ተጫውቷል፣ ከዛ ሳኦ ካኤታኖ የሚባል ትንሽ ክለብ ገብቶ በ2002 ሊበርታዶሬስ (የደቡብ አሜሪካ ክለቦች ዋንጫ) ፍፃሜ ደረሱ፣ በፓራጓዩ ኦሊምፒያ በመለያ ምት ተበሉ። በዛው ክረምት የስፔኑ ቪያሪያል ወሰደው። 26 ዓመቱ ነው እንግዲህ፣ ብራዚል ብሄራዊ ቡድን አንድም ቀን አልጠራውም። በ2006 መጀመሪያ የስፔን ዜግነት አገኘ፣ ማርች 1 ቫያዶሊድ ላይ ከኮትዲቯር ጋር በነበረው ወዳጅነት ጨዋታ የስፔንን ማሊያ ለበሰ፣ 3 ለ 2 አሸነፉ። ከሶስት ወር በኋላ ዓለም ዋንጫ ላይ ነው።

በ2008 ደግሞ ስፔን ከ1964 በኋላ የመጀመሪያዋን ትልቅ ዋንጫ፣ ዩሮን (የአውሮፓ ዋንጫን)፣ ስታነሳ ከተከላካዮቹ ፊት ብቻውን የቆመው እሱ ነው። እኔ የምለው፣ ያ ቡድን ዣቪንም ኢንዬስታንም ሲልቫንም ፋብሪጋስንም አንድ ላይ ማሰለፍ የቻለው ሴና ስለነበረ ነው። እሱን አውጣና አራት አጫጭር ኳስ ወዳዶች መሀል ሜዳ ላይ አስቀምጣቸው፣ ማን ነው የሚመልሰው? የማትስማሙ ካላችሁ ኑ።

ሴሌሳኦ_ብቻ፦
ብሮ ተጫዋችነቱ ላይ አልከራከርህም ጥሩ ነበር። ግን እውነቱን እናውራ፣ ብራዚል ብትጠራው ኖሮ ስፔን ይሄድ ነበር? በጭራሽ። ያን ጊዜ እኛ ጋ ጊልቤርቶ ሲልቫ አለ፣ ኤመርሰን አለ፣ ክሌበርሰን አለ፣ ኤድሚልሰን አለ፣ በር ዝግ ነበር። በሩ ሲዘጋበት ነው ሌላ ቤት ያንኳኳው። እና ሰው ስፔናዊ አድርጎ ባያስታውሰው ብዙም አይገርመኝም።

ቢጫ_ሰርጓጅ፦
ኧረ በናትህ ሴሌሳኦ። "ሌላ ቤት አንኳኳ" ስትል ልክ ለብሄራዊ ቡድን ብሎ ትናንት ከፕሌን የወረደ አስመሰልከው። ልጁ እኮ አራት ዓመት እዛው ኖሮ ነው። ያውም ማድሪድ ወይ ባርሴሎና አይደለም፣ ቪያሪያል ነው፣ 50 ሺህ ምናምን ሰው ያላት የሴራሚክ ከተማ፣ ህዝቡ በሙሉ ስታዲየም ቢገባ ከባርሴሎናው ካምፕ ኑ ግማሹን ቢሞላ ነው።

እኔ የዚህ ክለብ ደጋፊ የሆንኩት በአርጀንቲናዊው አማካይ በሪኬልሜ ምክንያት ነው ማንም ሊስቅብኝ ይችላል ግን የቆየሁት በሴና ነው። በ2005/06 ቻምፒዮንስ ሊግ ለመጀመሪያ ጊዜ ገብተው ማንችስተር ዩናይትድ፣ ቤንፊካና ሊል ካሉበት ምድብ አንደኛ ሆነው ወጡ፣ ሬንጀርስን ከሜዳ ውጪ ባገቡት ጎል፣ ኢንተርንም እንደዛው ጣሉት፣ ከዛ ግማሽ ፍፃሜ ላይ አርሰናል። እዚያ ሃይበሪ 1 ለ 0፣ እዚህ ማድሪጋል 0 ለ 0፣ 90ኛ ደቂቃ አካባቢ ሪኬልሜ ፔናሊቲ ይዞ ቆመ፣ ሌማን ያዛት። ሁሉም የሚያስታውሰው ያቺን ፔናሊቲ ነው። ሪኬልሜ ግን በዛ ዓመት እንደልቡ በዝግታ እየተራመደ ኳስ መጫወት የቻለው ለምን ይመስላችኋል? ከኋላው የሚሮጥለት ሰው ስለነበረ ነዋ። ሪኬልሜ ኳስ ባበላሸ ቁጥር ሴና ቀድሞ እዛ ነው። ያ ክረምት ዩናይትድ ሊወስደው ነው ተብሎ ስንት ተወራ፣ ልጁ ግን ቀረ።

በ2007/08 ደግሞ ሪኬልሜ ከሄደ በኋላ አሰልጣኙ ፔሌግሪኒ ያንኑ ክለብ በ77 ነጥብ ላሊጋ ሁለተኛ አደረገው፣ ባርሳን በልጦ ማለት ነው። ከዛ ነው ወደ ዩሮ የሄደው።

ሴሌሳኦ_ብቻ፦
አራት ዓመት ብቻ ኖሮ አገሬ ነው ማለት ይቻላል ወይ ነው የኔ ጥያቄ። እኔ እንጃ።

ሄለን_ኤፍ፦
ሴሌሳኦዬ እንዲህ ከሆነማ ጥያቄህ ለሴና ሳይሆን ለስፔን ህግ ነው መቅረብ ያለበት። ህጉ ለማንኛውም የውጭ ዜጋ 10 ዓመት መኖር ይጠይቃል፣ ከላቲን አሜሪካ ለመጣ ግን 2 ዓመት ብቻ ነው፣ ፖርቱጋሎችንና ፊሊፒኖችንም ኢኳቶሪያል ጊኒንም ይጨምራል፣ የድሮ የቅኝ ግዛት ታሪክ አለበት። ይሄ ለእግር ኳስ ተጫዋች ተብሎ የወጣ አይደለም፣ ቤት የምታጸዳዋም ሴትዮ ኢንጂነሩም የሚጠቀሙበት ህግ ነው። ያውም የብራዚል ፓስፖርቱን መጣል አይጠበቅበትም።

ክለቦቹም ይሄን በደንብ ያውቁታል። ላሊጋ ላይ ያን ጊዜ ከአውሮፓ ህብረት ውጪ የሆነ ተጫዋች ሶስት ብቻ ነበር የሚፈቀደው፣ ስለዚህ አንድ ብራዚላዊ ወይ አርጀንቲናዊ ዜግነት ባገኘ ቁጥር ክለቡ አንድ ቦታ ይከፈትለታል። እና አብዛኛው ሰው ፓስፖርቱን የሚያወጣው ለክለብ ጉዳይ ነው፣ ብሄራዊ ቡድኑ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው። በዛው 2006 ዓለም ዋንጫ ስፔን ዩክሬንን 4 ለ 0 ስትቀጣ ሴና መሀል ነበር፣ በግራ ተከላካይ ደግሞ ፔርኒያ፣ ቦነስ አይረስ የተወለደ ሰውዬ። ማንም ስለፔርኒያ አይጨቃጨቅም። ለምን? ዋንጫ ስላልበላ።

አባ_ፊሽካ፦
ልጆች ጥሩ ርዕስ ነው የከፈታችሁት። እናንተ ግን አዲስ ነገር አድርጋችሁ ነው የምታወሩት። ስፔን እኮ ይሄን የጀመረችው በ50ዎቹ ነው። ዲ ስቴፋኖ ለአርጀንቲና ተጫውቶ በ1947 ኮፓ አሜሪካ በልቶ፣ ከዛ ለስፔን 31 ጊዜ ተሰልፎ 23 ጎል አስቆጥሯል። ኩባላ ለቼኮዝሎቫኪያም ለሃንጋሪም ለስፔንም ተጫውቷል፣ ሶስት አገር። ፑሽካሽ በ1954 የዓለም ዋንጫ ፍፃሜ ላይ ሃንጋሪ ነው፣ በ1962 ቺሊ ላይ ስፔን ነው። ያን ጊዜ የሚከለክል አልነበረም፣ ፊፋ በሩን የዘጋው በ60ዎቹ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። እነዚያ ሁሉ የመጡት ገና ከመምጣታቸው ስም ይዘው ነው። ዲ ስቴፋኖ ሲመጣ ማድሪድና ባርሴሎና ተጣሉበት። ሴናን ማንም አልተጣላበትም። ስሙን ያወጣው እዛው በደረሰበት አገር ነው፣ ያውም ዘግይቶ፣ 30 ሊሞላው ሲል። ለኔ ከዲ ስቴፋኖ ይልቅ የእሱ ነገር ነው ደስ የሚለኝ።

ቁጥር_19፦
ጋሼ አባ ፊሽካ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ እንዲህ ነው የምንፈልገው። እዛው ላይ ግን አንድ ነገር ሊነሳ ይገባል፣ እድልም ረድቶታል። ከሴና በፊት ያ ቦታ የአልቤልዳ ነበር፣ የቫሌንሲያው ካፒቴን። በ2007 ዲሴምበር የቫሌንሲያ አሰልጣኝ ኩማን አልቤልዳንና ካኒዛሬስን አንጉሎንም ጨምሮ ከቡድን አወጣቸው፣ ሰውየው ግማሽ ሲዝን ሳይጫወት ቀረ። የስፔኑ አሰልጣኝ አራጎኔስ ያለው አማራጭ ሴና ወይ ዣቢ አሎንሶ ነው፣ ዣቢን ቤንች አድርጎ ሴናን መረጠ። ዣቢ አሎንሶን ቤንች ማድረግ ዛሬ ስትሰሙት እብደት ይመስላል አይደል? ሰውየው ግን የሚፈልገው ረጅም ኳስ የሚያከፋፍል ሳይሆን እነዣቪ ወደፊት ሲሄዱ ከኋላ ቤቱን የሚጠብቅ ነው።

ካምፕኑ_ልጅ፦
ወንድሜ እንግዲህ እውነት እንነጋገር፣ ቡስኬትስ በሁሉም ይበልጠዋል። ፓስ፣ ከጫና መውጣት፣ አቅጣጫ መቀየር፣ በ2010 ዓለም ዋንጫም በላ በ2012ም ዩሮ በላ። ሴና በ2010 አልተጠራም እንኳን። 28 ጨዋታ 1 ጎል ነው ያለው። ሰው የረሳው ብራዚላዊ ስለሆነ አይደለም፣ የተሻለ ስለመጣ ነው።

ቁጥር_19፦
@ካምፕኑ_ልጅ ቡስኬትስ ይበልጣል አይበልጥም ሌላ ክር ነው፣ እኔም ቡስኬትስን እወዳለሁ። ግን ልብ በል፣ ቡስኬትስ ሲመጣ ቡድኑ ማሸነፍ ያውቅ ነበር። ሴና የተጫወተበት ቡድን ግን ሩብ ፍፃሜ በደረሰ ቁጥር የሚንቀጠቀጥ ቡድን ነው፣ ስፔን ማለት ያን ጊዜ ጥሩ ተጫውታ በሩብ ፍፃሜ የምትሸኝ አገር ነች። ያን ያስቆመው የ2008ቱ ነው። እና ያቺ 1 ጎል ዩሮውን ከበሉ በኋላ አርሜኒያ ላይ ነች፣ ለጎል አይደለም የተፈጠረው ሰውየው።

አዙሪ_77፦
በቃ ሩብ ፍፃሜ ስትሉ እኔን ጠራችሁኝ ማለት ነው 😂 ያን የዩሮ 2008 የስፔንና የጣሊያን ጨዋታ ሙሉውን አይቼዋለሁ፣ ቪየና፣ ጁን 22። እኛ ጣሊያኖች ጋ ፒርሎና ጋቱሶ በካርድ የሉም። 120 ደቂቃ 0 ለ 0። ከጨዋታው አንድ ነገር ብቻ ነው ከጭንቅላቴ የማይወጣው፣ ሰዓቱ ወደ 80 ሲጠጋ ሴና ከሩቅ መታ፣ መሬት ለመሬት ከባድ ኳስ፣ በረኛችን ቡፎን ደረቱ ስር ያዛት ሲባል አመለጠችው፣ በቀስታ እየተንከባለለች ሄዳ ቋሚው ላይ ነክታ ወደ እጁ ተመለሰች። ቡፎን ተነስቶ ቋሚውን ሳመው። እኔ ቁጭ ብዬ ነበር ተነስቼ ቆምኩ መልሼ ቁጭ አልኩ። ያቺ ኳስ ሁለት ጣት ወደ ውስጥ ብትሆን ዛሬ ሴና ማነው የሚል ሰው አይኖርም ነበር።

ከዛ መለያ ምት። ቪያ አገባ፣ ግሮሶ አገባ፣ ካዞርላ አገባ፣ ዴ ሮሲን ካሲያስ አዳነበት። ሶስተኛው መቺ ሴና ነው። አገባ። ከእኛ በኩል ቀጥሎ የመጣው ማን ነው? ካሞራኔዚ! አርጀንቲናዊው። እሱም አገባ። ከዛ ጉዊዛን ቡፎን መለሰበት፣ ተስፋ አደረግን፣ ዲ ናታሌ ወዲያው ገደለው፣ ፋብሪጋስ ጨረሰው 4 ለ 2።

ሄለን_ኤፍ፦
ቆይ ቆይ፣ ከዚህ በፊት አስቤው አላውቅም። ብራዚል የተወለደው ለስፔን፣ አርጀንቲና የተወለደው ለጣሊያን፣ ተከታትለው መቱ፣ ሁለቱም አገቡ። የሳቱት ደግሞ ዴ ሮሲ የሮም ልጅ፣ ዲ ናታሌ የኔፕልስ፣ ጉዊዛ የሄሬዝ። "ከውጭ የመጣ ለማሊያው አይሞትም" ለሚሉት ሰዎች እንዴት አሪፍ መልስ ነው።

አዙሪ_77፦
ሄሉ ቁስሌን አትንኪው 😂 ካሞራኔዚ እኮ ለኛ በ2006 ዓለም ዋንጫ በልቷል፣ በርሊን ላይ ሽሩባውን ሜዳ ላይ እያስቆረጠ ሲጨፍር የነበረው እሱ ነው።

ናቲ_ሚድፊልድ፦
እኔ የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው ማንም አላነሳውም። አራጎኔስ በ2004 ልምምድ ላይ ሬየስን ሊያበረታታ ብሎ ስለ ፈረንሳዊው ቲየሪ ኦንሪ የተናገረውን ዘረኛ ንግግር ታስታውሳላችሁ? ካሜራ ይዞት ዓለም በሙሉ ተነጋገረበት፣ ፌደሬሽኑ 3 ሺህ ዩሮ ቀጣው፣ ያችን ታህል። በዛው ሰሞን ማድሪድ ላይ ከእንግሊዝ ጋር ሲጫወቱ ህዝቡ ጥቁር ተጫዋቾቹ ላይ የዝንጀሮ ድምፅ አሰማ። ከዛ ከዓመት ከምናምን በኋላ ያው ሰውዬ ጥቁር ብራዚላዊ ጠርቶ የቡድኑን መሀል አስረከበው፣ በሱ ላይ ዋንጫ በላ። ይሄን እንዴት ነው የምታዩት?

ሴሌሳኦ_ብቻ፦
ጥቅም ነው ሌላ ምንድነው። ኳስ ሲነጥቅልህ ቀለሙን አታይም።

አባ_ፊሽካ፦
ሴሌሳኦ እሱም አለበት፣ እሱ ብቻ ግን አይመስለኝም። አራጎኔስ አፉ የማያርፍ ሽማግሌ ነበር፣ የተናገረው ነገር ይቅር የሚባል አይደለም። ግን በተጫዋች ምርጫ የማንንም ስም የማይፈራ ሰው ነበር። የሪያል ማድሪዱን አጥቂ ራውልን ከቡድን አውጥቶ በ2006 ሴፕቴምበር ካጫወተው በኋላ ደግሞ አልጠራውም፣ አገሩ በሙሉ በየጋዜጣው በየልምምዱ "ራውል ራውል" እያለ ሲጮህበት አልሰማም። ራውልን ትቶ፣ ዣቢ አሎንሶን ቤንች አድርጎ፣ ከሳኦ ፓውሎ የመጣ የ31 ዓመት ሰው መሀል አቁሞ ወደ ዩሮ መሄድ ቀላል ድፍረት አይደለም፣ ቢሸነፍ ኖሮ እዛ አገር ባልኖረ ነበር።

ካምፕኑ_ልጅ፦
እሺ የዋንጫውን ጨዋታ ንገሩኝ እስቲ፣ እኔ የማስታውሰው የቶሬስን ጎል ብቻ ነው። ላም ላይ ተንደርድሮ አልፎ በሌማን ላይ ቺፕ ያደረጋት።

ቁጥር_19፦
በጣም ደስ ይለኛል 😄 ዋናው ነገር እዛ ጋ ነው ያለው።

ቪያ በግማሽ ፍፃሜው ከሩሲያ ጋር ሲጫወቱ ቅጣት ምት ሊመታ ብሎ ጡንቻው ተሳበና ወጣ። የውድድሩ ኮከብ ጎል አግቢ ነው፣ 4 ጎል አለው። ሌላ አሰልጣኝ ቢሆን ጉዊዛን ወይ ሌላ አጥቂ ያስገባል። አራጎኔስ ፋብሪጋስን አስገባ፣ ሩሲያን 3 ለ 0 ጨረሷት፣ ለፍፃሜውም እንዲሁ ጀመረ። ቶሬስ ብቻውን ፊት፣ ከሱ ኋላ ኢንዬስታ ዣቪ ፋብሪጋስ ሲልቫ በአንድ መስመር፣ ከነሱ ኋላ ሴና ብቻውን። በመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች ከጎኑ የሚረዳው ዣቪ ነበር፣ ፍፃሜው ላይ እሱም ወደፊት ሄዷል።

ከፊቱ ያሉት እነማን ናቸው? ባላክ፣ ፍሪንግስ፣ ሂትዝልስፐርገር፣ ሽዋይንስታይገር፣ በቁመትም በጉልበትም እነዛን ትናንሽ ልጆች ይዘው መሄድ የሚችሉ። የመጀመሪያዎቹን 10 ደቂቃ አካባቢ እዩት፣ ጀርመን ጫና አለች፣ ስፔኖቹ እግራቸው ከብዷቸዋል። ያን ጊዜ ሴናን ተከተሉት። ታክል የሚገባው እምብዛም ነው፣ መሬት ላይ አይንከባለልም፣ ባላክ ኳስ ሊቀበል ዞር ሲል ሰውዬው አጠገቡ ቆሟል፣ ይነካታል፣ ለዣቪ ይሰጣታል፣ ተመልሶ ቦታው ይቆማል። ይሄን ነው ደጋግሞ የሚያደርገው። ካሜራ ስለማይከተለው በሃይላይት አታገኙትም፣ ሃይላይት ላይ ያለው 33ኛ ደቂቃ ላይ የቶሬስ ጎል ነው። እሷንም ዣቪ ነው የሰነጠቀለት፣ ዣቪ ዞር ብሎ ለማየት ጊዜ ያገኘው ኋላውን ስለማይፈራ ነው።

እና ደግሞ የምታስቅ ነገር አለች፣ ጨዋታው ሊያልቅ 10 ደቂቃ ምናምን ሲቀረው ጉዊዛ በጭንቅላቱ ወደ ጎሉ አፍ አሻገራት፣ ተንሸራቶ እግሩን የዘረጋው ማን ነው? ሴና! በጣት ነው ያመለጠችው። ብቸኛ ጠባቂው ሰውዬ የጀርመን ጎል ውስጥ ሊገባ ምንም አልቀረውም።

ዝምተኛዋ፦
እዚህ ክር ላይ ገብቼ ሳነብ ነው የቆየሁት፣ ዣቪ የውድድሩ ኮከብ ተባለ አይደል? ሴናስ ምንም አልተሰጠውም?

ቁጥር_19፦
እህቴ የውድድሩ ምርጥ ቡድን ውስጥ አስገብተውታል። ዝርዝሩ 23 ሰው ነው፣ እዛ ውስጥ አለ። ከዛ በላይ ግን የለም።

ሴሌሳኦ_ብቻ፦
እሺ በኳሱ አሸንፋችሁኛል እንበል፣ መርሁ ግን ያው ነው። ዲዬጎ ኮስታን ምን ትሉታላችሁ? በ2013 ማርች ለብራዚል ሁለት ወዳጅነት ጨዋታ ተጫውቶ፣ በዛው ዓመት ስፔን እመርጣለሁ አለ። ያውም ዓለም ዋንጫው ብራዚል ውስጥ ሊካሄድ ሲል! የብራዚሉ አሰልጣኝ ስኮላሪ የሚሊዮኖችን ህልም ጀርባ ሰጠ ያለው ትክክል ነው። ሳልቫዶር ላይ ሆላንድ 5 ለ 1 ስትቀጣቸው ህዝቡ ኳስ በነካ ቁጥር ሲጮህበት እኔም በቴሌቪዥን እየጮህኩ ነበር።

ሄለን_ኤፍ፦
ስኮላሪ? ኧረ ስኮላሪን አታንሳብኝ 😂 ይሄ ሰውዬ እኮ በ2003 የፖርቱጋል አሰልጣኝ ሆኖ ዴኮን ጠርቶ ያሰለፈው ነው። ዴኮ ብራዚላዊ፣ ሳኦ ፓውሎ አጠገብ የተወለደ። የመጀመሪያ ጨዋታው ከማን ጋር ነበር መሰለህ? ከብራዚል ጋር! ፖርቶ ላይ፣ ከቤንች ገብቶ በቅጣት ምት አግብቶ 2 ለ 1 አሸነፏችሁ። ያን ጊዜ ፊጎ ነው ደስ ያላለው፣ ስኮላሪ ደስ ብሎት ነበር። ከ10 ዓመት በኋላ ኮስታ ያንኑ ሲያደርግ ግን ህልም ተሸጠ። ሲወስዱ ደህና ሲወሰድባቸው ክህደት።

ደግሞ ኮስታና ሴና አንድ አይደሉም። ኮስታ ለብራዚል ተጫውቶ ነው የቀየረው፣ ወዳጅነት ስለነበር ህጉ ፈቀደለት። ሴና ግን የቀየረው ነገር የለም። የጠራው አንድ አገር ነው፣ ለዛ ተጫወተ።

ሴሌሳኦ_ብቻ፦
ስኮላሪን እንኳን ተዪልኝ እሱ የኔም ቁስል ነው፣ የጀርመንን 7 ለ 1 አትርሺ። የዴኮዋን ደግሞ ባታስታውሺኝ ጥሩ ነበር።

ናቲ_ሚድፊልድ፦
ሄለን የፊፋን ህግ ትንሽ ብታብራሪልን፣ አሁን ያለው ከዛኔው ይለያል ሲባል ሰምቻለሁ።

ሄለን_ኤፍ፦
ይለያል። በ2004 ኳታር አይልተንን፣ ዴዴንና ሌአንድሮን፣ ሶስት ቡንደስሊጋ የሚጫወቱ ብራዚላውያን፣ በገንዘብ አምጥታ ልታሰልፍ ስትል ፊፋ ደንግጦ በአስቸኳይ ህግ አወጣ። ከአገሩ ጋር ግልፅ ግንኙነት ያስፈልጋል ተባለ፣ ወይ አንተ እዛ ተወልደሃል፣ ወይ ወላጅህ ወይ አያትህ፣ አለዚያ ቢያንስ 2 ዓመት ኖረሃል። በ2008 ያን 2 ዓመት ወደ 5 አሳደጉት፣ ያውም እስከ 2020 ድረስ ከ18 ዓመትህ በኋላ ያለው ብቻ ነበር የሚቆጠረው።

እና አሁን ሴናን በዚህ አስሉት። ስፔን የገባው በ2002 ክረምት ነው፣ በ26 ዓመቱ። በ2006 ማርች ሲሰለፍ አራት ዓመት እንኳን አልሞላውም። የአሁኑ ህግ ቢኖር ኖሮ እስከ 2007 ክረምት መጠበቅ ነበረበት ማለት ነው። ጀርመን ዓለም ዋንጫ ያመልጠው ነበር፣ ዩሮ 2008 ግን አያመልጠውም። ሴሌሳኦ በጠንካራው ህግ እንኳን ብታስኬደው ሰውየው ዋንጫውን ይበላል።

ሴሌሳኦ_ብቻ፦
አምስት ዓመት ከሆነ እኔም ብዙ አልከራከርም። የሁለት ዓመቱ ነው የሚያናድደኝ።

ቢጫ_ሰርጓጅ፦
እናንተ ሁሌ ብሄራዊ ቡድን ብሄራዊ ቡድን፣ እኔ መጨረሻውን ልንገራችሁ። በ2012 ሜይ በመጨረሻው ጨዋታ ቪያሪያል ከአትሌቲኮ ጋር በሜዳው ነው፣ አቻ ቢወጣ ይተርፋል፣ 88ኛ ደቂቃ ፋልካኦ አገባ፣ ወረድን። ከስድስት ዓመት በፊት ቻምፒዮንስ ሊግ ግማሽ ፍፃሜ የነበረ ክለብ። ሴና 36 ሊሞላው ነው፣ የአውሮፓ ሻምፒዮን ነው፣ ፈርሞ ወደ ገንዘብ መሄድ ይችል ነበር። ሁለተኛ ዲቪዚዮን ወርዶ ተጫወተ። በዓመቱ ወደ ላሊጋ መለሳቸው፣ ከዛ ነው የሄደው። ስታዲየሙ ላይ 19ኛውን በር በስሙ ሰይመውለታል፣ የማሊያ ቁጥሩ ነበር።

እና ቅድም ጋሼ ስለራውል ሲያነሱ የትዝታ ነገር ሆኖብኝ ነው፣ ሴና ኒውዮርክ ኮስሞስ የሚባል የአሜሪካ ክለብ ገብቶ በ2013 ፍፃሜው ላይ ብቸኛዋን ጎል አግብቶ ዋንጫ በላ፣ በ2015 ደግሞ ራውል መጣ፣ አብረው ተጫውተው አብረው ዋንጫ በልተው በአንድ ቀን ጫማ ሰቀሉ። ራውል ለስፔን 102 ጊዜ ተሰልፎ ዋንጫ የለውም። ሴና በ28 ጨዋታ አለው። መልበሻ ክፍል ውስጥ ይሄ ነገር ተነስቶ ያውቅ ይሆን እያልኩ ሁሌ አስባለሁ።

አባ_ፊሽካ፦
አይነሳም ልጄ። ተጫዋቾች እንደኛ አይደሉም።

ካምፕኑ_ልጅ፦
የጣሊያኑን ጨዋታ ሙሉውን ማየት አማረኝ አሁን። 120 ደቂቃ 0 ለ 0 እንቅልፍ አይወስደኝም?

አዙሪ_77፦
ይወስድሃል 😂 የመጀመሪያው አጋማሽ ምንም የለውም፣ ዝለለው።

ቁጥር_19፦
ከ60ኛው ደቂቃ ጀምርና ኳሷን ተዋት፣ 19 ቁጥሩን ብቻ ተከተል። ካዞርላና ፋብሪጋስ አንድ ላይ የሚገቡት እዛ አካባቢ ነው፣ ከነሱ በኋላ ሴና የሚሸፍነው ሜዳ እንዴት እንደሚሰፋ እይና ተመለስ፣ ያን ጊዜ ስለቡስኬትስ እንከራከራለን።